የመጋዘን ሙዚቃና የሌሊት ንግድ

በአዲስ አበባ ደቡብ በር የሚገኘው አቃቂ ከቃሊቲ ጋር የፋብሪካና የመጋዘን ሠፈር መሆኑ በነጋድያን ዘንድ የታወቀ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ ብዙውም በቃሊቲ ጉምሩክ ተፈትሾ ወደየመደብሩ ይበተናል። ይሁን እንጂ ዛሬ በየከተማው ወጣቶች ሌሊቱን የሚጨፍሩበት «ሃውስ» የተባለው ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ከመጋዘን መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። መጋዘን ላለው፣ የድምፅ መሣሪያ ለሚያስመጣና መጠጥ ለሚያከፋፍል ነጋዴ ጉዳዩ ከመዝናናት ያለፈ ነውና፣ የዚህ ንግድ አሠራር ምን እንደሆነና ኪሣራውም ከየት እንደሚመጣ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ «ዌርሃውስ» የተባለ የጭፈራ ቤት ተከፈተ፤ ትርጓሜውም «መጋዘን» ማለት ነው። በዚያ ቤት እስከ 1982 ድረስ ሸክላ ያጫውት የነበረው ፍራንኪ ነክልስ ሲሆን፣ ለሙዚቃውም መጠሪያ የሆነው የቤቱ ስም የመጨረሻው ክፍል እንደሆነ ይነገራል። ሙዚቃው የተሠራበት መሣሪያ ታሪክም ለነጋዴ ትምህርት አለው። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1983 «ቲአር 909» የተባለ፣ ከበሮን በኤሌክትሪክ የሚመታ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። ገዥ አጥቶ ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይቆይ ምርቱ ቆመ። ያላዋጣውን ዕቃ ገንዘብ የሌላቸው የቺካጎ ወጣቶች በአሮጌ ዕቃ ዋጋ እየገዙ በቤታቸው ሙዚቃ ሠሩበት። ለአንዱ ገበያ ያልሆነ ዕቃ ለሌላው ገበያ ሆነ ማለት ነው።

የሃውስ ሙዚቃ ምቱ አንድ ዓይነትና የማያቋርጥ ነው። በአንድ ደቂቃ ከ120 እስከ 130 ጊዜ ያህል ይመታል። በ120 ቢታሰብ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ የቆየ ሰው 43,200 ምት ሰምቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዲጄ የሚባለው ባለሙያ ሥራው ዘፈን መርጦ ማጫወት ብቻ አይደለም። በሁለት ማጫወቻ እየተጠቀመ፣ የሁለተኛውን ዘፈን ፍጥነት ጨምሮ ወይም ቀንሶ ምቱን ከመጀመሪያው ምት ላይ ያሳርፈዋል። ስለዚህም አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው መጀመሩ ሳይታወቅ ሌሊቱ እንደ አንድ ረጅም ዘፈን ያልፋል። ባንድ አሥር ሰው የሚያሠራውን አንድ ሰው ከመሣሪያዎቹ ጋር ሆኖ ይሠራዋል፤ ዕረፍትም የለውም።

ሙዚቃ ገበያና ሕግ ያለው ዕቃ መሆኑ ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ሆኖም የሙዚቃ መደብር ባለቤት የነበሩት ወጣቱ ነጋዴ አቶ አምሐ እሸቴ በ1969 አምሐ ሬከርድስን አቋቁመው፣ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በህንድ አገር አሳትመው አስመጡ። እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ሸክላዎችን ለገበያ አቀረቡ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ ለብዙ ዓመታት ስለጸና፣ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ደንበኛ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ድረስ በዚያው ይቆይ ነበር። በዘመናችን ደግሞ እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» በሚል መጠሪያ፣ ሮፍናን ኑሪም በ2010 ዓ.ም. በወጣው «ነጸብራቅ» በተባለው አልበሙ የአገሩን ዜማ ከኤሌክትሪክ ምት ጋር አዋሕደዋል። ስለዚህ ነገሩ ከውጭ የመጣ ጭፈራ ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም፤ የአገር ምርትም ሆኗል።

እንግዲህ አንድ ነጋዴ በአቃቂ ያለውን ባዶ መጋዘን የሌሊት ሙዚቃ ቤት ሊያደርገው ቢያስብ፣ ቦታው ሰፊ፣ ጣሪያውም ከፍ ያለ ስለሆነ የተመቸ ይመስለዋል። ነገር ግን ሦስት ዕዳዎች እንዳሉበት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው የጎረቤት ዕዳ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ብክለትንም ይጨምራል። የድምፁ ልክ በዴሲቤል የተወሰነ ሲሆን፣ በሌሊት ለመኖሪያ ሠፈር 45፣ ለንግድ ሠፈር 55፣ ለኢንዱስትሪ ሠፈር 70 ነው። በአቃቂ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት አጥር ለአጥር በመሆናቸው፣ መጋዘኑ የቆመው በኢንዱስትሪ ቦታ ነው ብሎ መተማመን አያዋጣም። በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል የሚያሰማ ማጉያ በሜዳ ላይ ቢቆም፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ በ512 ሜትር ላይ እንኳ 46 ዴሲቤል ስለሚሆን፣ ለመኖሪያ ሠፈር ከተፈቀደው አሁንም ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ድምፁን የሚይዘው ግድግዳ እንጂ ርቀት አይደለም። የከበሮው ወፍራም ድምፅ ደግሞ ሞገዱ ረጅም ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገበው ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 7 ሜትር ያህል ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ቆርቆሮ አይከለክለውም፤ የሚከለክለው ከባድ ግድግዳ፣ ድርብ በርና ክፍተት የሌለው ጣሪያ ነው። ይህን ወጪ ሳያስብ የከፈተ ሰው በክስ ምክንያት ሲዘጋበት ያወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል።

ሁለተኛው የጤና ዕዳ ነው። ሠራተኛ ጆሮው ሳይጎዳ በቀን 8 ሰዓት ሊሰማው የሚችለው 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ በ3 በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። እንግዳው ተዝናንቶ ይሄዳል፤ መጠጥ የሚቀዳው ሠራተኛ ግን በየሌሊቱ በዚያው ይቆማል። የተጎዳ ጆሮ ደግሞ ተመልሶ አይድንም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በሙዚቃ ቤት የ15 ደቂቃ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ የጆሮ መድፈኛም እንዲቀርብ ይመክራል። በተጨማሪም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን፣ እንዲሁም በቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ይከለክላል። ስለዚህ በበር ላይ የሚቆመው ሠራተኛ የቤቱ ፈቃድ ጠባቂ ነው።

ሦስተኛው የባለሙያው ዕዳ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳውም ይኸው ነው። ሸክላ ወይም ፋይል የገዛ ሰው በቤቱ የመስማት መብት አገኘ እንጂ፣ ገንዘብ ለሚከፍል ሕዝብ የማሰማት ፈቃድ አላገኘም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም ያሻሻለው ዐዋጅ ቁጥር 872/2007፣ የደራሲውን፣ የከዋኙንና የአሳታሚውን መብት ይጠብቃሉ። ጠጅ ቤት ጠጁን ከጣይ ገዝቶ ይሸጣል፤ ሙዚቃ ቤትም ደንበኛውን ወደ በሩ የጠራለትን ሙዚቃ ያለ ዋጋ ሊወስድ አይገባውም። ባለሙያው ድካሙን ካላገኘ ነገ የሚያሰማ ስለማያፈራ፣ ጉዳቱ ዞሮ በነጋዴው ላይ ይደርሳል።

የድምፅ ዕቃ ለሚያስመጡና ለሚሸጡም የሚጠቅም ነገር አለ። ማጉያው ከ1,000 ዋት ወደ 2,000 ዋት ቢለወጥ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ ጆሮ ልዩነቱን በጭንቅ ያውቀዋል። ዋጋውን ብዙ ጨምሮ የገዛ ደንበኛ ያሰበውን ያህል ባላገኘ ጊዜ ቅሬታው በሻጩ ላይ ይሆናል። ይልቁንስ አነስ ያሉ ማጉያዎች በጨፋሪዎቹ አቅራቢያ ቢደረደሩ፣ የድምፅ መገደቢያ መሣሪያም ቢገባበት፣ ውስጡ ጥሩ ይሰማል፤ ውጪውም ጸጥ ይላል። እንደዚህ ያለውን ምክር ከዕቃው ጋር አብሮ የሚሰጥ ባለመደብር ደንበኛው ይበዛለታል። የድምፅ መለኪያ፣ የጆሮ መድፈኛና ድምፅ የሚውጥ ልባስም ከማጉያው ጎን በመደርደሪያው ላይ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል።

በጠቅላላው የሌሊት ሙዚቃ ቤት እንደ ማንኛውም ንግድ ወጪና ገቢ ያለው ሥራ ነው። ገቢው በበሩና በመጠጡ በአንድ ሌሊት ይታያል፤ ወጪው ግን በጎረቤት እንቅልፍ፣ በሠራተኛ ጆሮና በሙዚቀኛ ድካም ውስጥ ተሰውሮ ስለሚቆይ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ አስቀድሞ ያልጻፈው ነጋዴ በመጨረሻ ባላሰበው ጊዜ ይከፍለዋል።