*127# ደውለን መልስ ሲጠፋ፦ ችግሩ ስልኩ ላይ ነው፣ ሲሙ ላይ ነው ወይስ ማማው ላይ?

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ከእኛው አንዱ ሸዋ ቤንች ላይ ሆኖ ለለቃሚዎች የሚከፈል ብር በስልክ ላከ። *127# ነካ፣ ቁጥሩንም ሚስጥር ቁጥሩንም አስገባ፣ ከዚያ ስክሪኑ ዝም አለ። «በቃ አልሄደም» ብሎ ደገመው። ማታ ላይ ሁለት የማረጋገጫ መልእክት ተከታትለው ገቡ፤ ብሩ ሁለቴ ሄዷል! ተቀባዩ የሚያውቀው ሰው ስለነበር መለሰለት። ሁሌ ግን እንዲህ አይቀናም።

ትእዛዙ በምን ይሄዳል?

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ስራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን በ*127# እንጠቀማለን። ይሄ አሰራር ዩኤስኤስዲ ይባላል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚሄደው ስልካችን ከማማው ጋር ጥሪ ለማገናኘት በሚነጋገርበት መስመር ነው። ለዚህ ነው ዳታ ሳይኖር፣ ተራ ስልክ ላይም የሚሰራው።

ድክመትም አለው። ቴክስት ስልካችን ኔትወርክ ባይኖረው ማእከል ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ዩኤስኤስዲ ግን እንደ ጥሪ ነው፤ መሀል ላይ ሲግናል ከተቆረጠ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ዝምታው ሁለት ትርጉም አለው፦ ወይ ትእዛዙ አልደረሰም፣ ወይ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ውጭ አገር በትንንሽ ሞዴል ባቡር የሚዝናኑ ሰዎችም ይሄ ችግር አለባቸው። ዲጂታል በሆኑት ላይ ኤሌክትሪኩም ትእዛዙም የሚሄደው በዚያው ሀዲድ ነው። ባቡሩ እምቢ ሲል ቶሎ ብለው አይፈቱትም። ሀዲዱን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ሌላ ባቡር አስቀምጠው ይሞክራሉ። ዘዴው በአንዴ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። እኛም እንደዚያው እናድርግ 👇

1. ቦታ ቀይሩ። ቆርቆሮ፣ ኮረብታና ዝናብ ያራሰው ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሲግናል ያዳክማሉ። ከቤት ወጥታችሁ ገላጣ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሞክሩ።

2. የአውሮፕላን ምልክቷን ለ20 ሰከንድ ያህል አብርታችሁ አጥፉ። ስልኩ ማማውን እንደ አዲስ ይፈልጋል።

3. ሁለት ሲም ካላችሁ ትእዛዙ በየትኛው እንደወጣ እዩ። በሌላኛው ሲም ከወጣ «ኢንቫሊድ ኤምኤምአይ ኮድ» የሚል ጽሁፍ ሊመጣ ይችላል።

4. ሴቲንግ ገብታችሁ ኔትወርኩን ከ4ጂ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ አውርዱ። ብዙ ስልኮች ለዩኤስኤስዲ ከ4ጂ ይወርዳሉ፤ ሲግናል ሲደክም መሀል ላይ የሚቋረጠው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

5. ሲሙን አውጥታችሁ ጓደኛችሁ ስልክ ላይ ክተቱ። እዚያ ከሰራ ጥፋቱ የስልካችሁ ነው። ካልሰራ፣ የጓደኛችሁ የራሱ ሲም ግን ከሰራ፣ ጥፋቱ የሲማችሁ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኔትወርክ ካጣ ደግሞ ማማው ነው። መብራት ሲጠፋ ማማ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል፤ ያ ካለቀ ከመጠበቅ ሌላ መላ የለም።

አንድሮይድ ላይ የሲግናሉን ጥንካሬ በቁጥር ማየትም ይቻላል፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ ስለ ስልኩ የሚለው፣ ከዚያ የሲም ሁኔታ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። -75 ጥሩ ነው፣ -110 አካባቢ ከሆነ ብር ለመላክ አትቸኩሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ይቺን ያዙ፦ መልስ ካልመጣ ወዲያው አትድገሙ። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። ከቀነሰ ሄዷል፤ ካልቀነሰ ትንሽ ቆይታችሁ እንደገና እዩና ከዚያ ላኩ። ግራ ከገባችሁ 127 ደውሉ። «ልርዳህ፣ ልርዳሽ» ብሎ ሚስጥር ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው ግን ማንም ይሁን አትስጡ።

እናትና አባታችን ብዙ ጊዜ «ላክልኝ» የሚሉት እኛን ነው። እሸት ቡና ሽጠው ያገኙት ብር ሁለቴ እንዳይሄድባቸው ለታናናሾቻችሁም አሳዩአቸው 🙏