ድንኳናችንን የት እንትከል?

ልጆች ትምህርት ሲዘጉ በየቤቱ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «የት እንሂድ?» የሚል። ሆቴል ይዞ 6 ቤተሰብ ማሳደር ከደመወዙ በላይ የሆነበት አባት ደግሞ ጥያቄውን ለከርሞ ያሻግረዋል። ከርሞም ሲደርስ እንዲሁ ነው። ለመሆኑ ከሆሣዕና፣ ከሀቢቾ ወይም ከዱራሜ የሚነሣ ቤተሰብ ሁለት ሌሊት ገጠር አድሮ ለመመለስ የግድ ብዙ ገንዘብ ያስፈልገዋልን?

ብዙዎች ድንኳን ሲባል ወዲያው ላንጋኖን ያስባሉ። ሐይቁ ደስ ይላል፤ የተዘጋጀ ማረፊያም አለው። ነገር ግን ሒሳቡን አስቀድመን እናስላ። 6 ሰው ደርሶ መልስ 12 ወንበር ነው። ከሆሣዕና ሐላባ ቁሊቶ፣ ከዚያ ሻሸመኔ፣ ከዚያም ላንጋኖ እያሉ መኪና ሲቀያይሩ 12ቱ ወንበር 36 ይሆናል። ድንኳን ለመትከል የሚጠየቀው ክፍያ ቢረክስ እንኳ ኪስ የሚያራግፈው መንገዱ ነው። በመሆኑም «ርካሽ ቦታ የቱ ነው?» ከማለት በፊት «በአንድ መኪና የምንደርስበት ቦታ የቱ ነው?» ማለት ይበጃል።

በሐዲያና በከምባታ ገጠር ለድንኳን ተብሎ የታጠረ ቦታ መፈለግ ያን ያህል የተለመደ አይደለም። አያስፈልግምም ብንል አልተሳሳትንም። አብዛኞቻችን ገጠር ውስጥ አጎት፣ አክስት ወይም የቆየ የቤተሰብ ወዳጅ አለን። እስከ ዛሬ ሄዶ ማደሩን የሚያከብደው ይሉኝታው ነው። ስድስት እንግዳ ሲመጣ ባለቤቶቹ አልጋቸውን ለቀው ከመሬት ይተኛሉ፤ እናትየዋ ሌሊቱን በጓዳ ታነጋለች። ድንኳን ይህን ይፈታዋል። ከእንሰቱ ማዶ ካለው ሣር ላይ ተክላችሁ፣ ስንቃችሁን ይዛችሁ ስትገቡ ማንም ከመኝታው አይነሣም። የእንግድነት ወጋችንም ሦስት ቀን ነውና ሁለት ሌሊት ማንንም አያስመርርም። ወተቱን፣ ዕንቁላሉንና ማገዶውን ከእነርሱው በዋጋው ግዙ፤ ለሆቴል ይወጣ የነበረው ጥቂቱ ለዘመድ ቢደርስ ሶስት እጥፍ ደስ ይላል።

ዘመድ በሌለበት ስፍራ ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ መትከል አይገባም። ክፍት የሚመስለው የግጦሽ ሜዳ ሁሉ ተጠቃሚ አለው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ አስቀድማችሁ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የአካባቢውንም ሽማግሌ አነጋግሩ። ሲመሽ መድረስ ከሁሉ የከፋ ነው።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። የቦዮ ሐይቅ በሻሾጎ ወረዳ ይገኛል፤ ረግረጉ ወፎች የሚሰፍሩበት ነው፤ ልጆች ቢያዩት ይደሰታሉ። ይሁን እንጂ ውለው ይመለሱ እንጂ እዚያ እንዲያድሩ አንመክርም። የወባ ትንኝ የምትበረታው በአመዛኙ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ባለው ቆላና ወይና ደጋ ሲሆን፣ ወቅቷም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር እንዲሁም ሚያዝያና ግንቦት ነው። የቢላቴ ወንዝ ሲሞላም ያ ሜዳ በጎርፍ ይጠቃል። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተሰብ ለሁለት ሌሊት መዝናኛ ብሎ ይህን መድፈር የለበትም።

አምበሪቾ ሌላ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ የከምባታ ተራራ 777 ደረጃ የተሠራለት ሲሆን ወጣቶች ለመውጣት ይሽቀዳደሙበታል። በእኔ ግምት ድንኳኑ የሚተከለው ከግርጌው ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። ጫፉ ላይ ነፋሱና ብርዱ ይበረታል፤ ውኃውንም ተሸክሞ መውጣት ይመጣል። ጎሕ ሲቀድ ፈጅርን ሰግዶ መውጣትና ለቁርስ መመለስ ይበልጣል። በሆሣዕና ሶዶ መንገድ ላይ በአረካ በኩል የሚገኘው የአጆራ መንትያ ፏፏቴ ደግሞ የአጃንቾና የሶኬ ወንዞች ወደ ገደል የሚወረወሩበት ነው። ዕይታው ያስደንቃል፤ ገደሉም ያስደነግጣል። ሮጠው የማይጠግቡ ልጆች ካሏችሁ ከአፋፉ ርቃችሁ፣ ከሰው ደጅ ተጠግታችሁ እደሩ።

ወቅቱስ? ክረምቱ ለድንኳን አይሆንም፤ የተሻለው የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ነው። ሰማዩ የጠራ፣ ሌሊቱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ብርድ የሚገባው ከላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከመሬት የሚመጣው ይብሳል። የገጠር ሰው የደረቀ የእንሰት ቅጠል አነጥፎ የሚተኛው ያለ ምክንያት አይደለም። እናንተም ለምናችሁ ከሸራው ሥር አንጥፉት፤ በላዩ ፍራሽና ብርድ ልብስ ከሆነ ውድ የመኝታ ከረጢት መግዛት አያሻም።

መሬቱን ስትመርጡ በእግራችሁ ዙሩት። በትንሹ ያዘቀዘቀ ይሁንና ራሳችሁን ወደ ላይኛው በኩል አድርጋችሁ ተኙ። የደረቀ ወንዝ ውስጥ፣ ከብት በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ለብቻው ከቆመ ትልቅ ዛፍ ሥር አትትከሉ፤ መብረቅም ቅርንጫፍም ይወርዳል። ምግብ ውጭ አታሳድሩ፤ ጅብ ይመጣል። መጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የምንጭ ውኃ ንጹሕ ቢመስልም አፍልታችሁ ጠጡ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከገነፈለ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

እኛን በተለይ የሚመለከቱን ጥቂት ጉዳዮች አሉ። ውኃው ለውዱእ ጭምር ሊበቃ ይገባልና ከምንጭ ብዙ አትራቁ። ቂብላ ከዚህ አካባቢ ሰሜን ነው፤ በትንሹ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ኮምፓስ የሌለው ሰው ጠዋት የፀሐይን መውጫ በቀኝ እጁ አድርጎ ቢቆም ይቀርበዋል፤ ድንኳኑ ሲተከል አቅጣጫውን በድንጋይ ምልክት ማድረግ ሌሊት ከመደናገር ያድናል። ከሆሣዕና አምበሪቾ ብዙ ዑለማኦች ሶላት ለማሳጠር ከሚያስቀምጡት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የመስጂዳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ። ሥጋ የሚያምራችሁ ከሆነ ዶሮውን ከገበያ በሕይወቱ ገዝታችሁ ራሳችሁ እረዱ፤ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነው ጎረቤት ሥጋ ቢያቀርብላችሁም በትሕትና ምክንያታችሁን ንገሩት፤ ቆጮውንና እርጎውን ግን በደስታ ተቀበሉ። ለእናቶችና ለእኅቶች በድንኳኑ መካከል መጋረጃ፣ ለመታጠቢያም በአራት እንጨት የተወጠረ ሸራ ይበቃል።

ድንኳን ያልገዛ አይግዛ፤ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ገዝቶ በተራ ቢጠቀም ይሻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ሌሊት በራሳችሁ ግቢ ተክላችሁ እደሩበት። የሚያፈሰው ስፌት፣ የጎደለው ካስማ፣ በጨለማ የሚያለቅሰው ትንሹ ልጅ የሚታወቀው ያኔ ነው።