የዳሌ ሕመም፦ እናቶቻችንን ከሶፋው ላይ እናስነሳ

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ልበልና ስለ ጤና ላውራችሁ። የተማርኩት ፖለቲካል ሳይንስ ስለሆነ ይህ ለሐኪም ምክር ምትክ አይሆንም።

እዚህ ፍሪስኮ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡ እናቶች አሉ። «ዳሌዬን አመመኝ» ሲሉ ትሰማላችሁ። አገር ቤት ቤተ ክርስቲያንም ገበያም በእግራቸው ይሄዱ ነበር። እዚህ ያለ መኪና የሚደረስበት ቦታ ጥቂት ነው፤ የበጋው ሙቀትም ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ስለዚህ ቀኑን ሶፋ ላይ ይውላሉ።

መጀመሪያ የሚያማቸው የት ጋ እንደሆነ ጠይቋቸው። ብዙ ሰው ዳሌ ሲል መቀመጫውን ወይም ወገቡን ያሳያል። የመገጣጠሚያው ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ብሽሽት ላይ ነው የሚሰማው፤ አንዳንዴም ወደ ጉልበት ይወርዳል። ካልሲ ማጥለቅና ከመኪና መውረድ ያስቸግራል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የተለመደው ምክንያት ኦስቲዮአርትራይተስ ነው፤ አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚሸፍናቸው ልስልስ ነገር እየሳሳ ይሄዳል።

እርድና ዝንጅብል በምግብና በሻይ መጠን ክፋት የላቸውም፤ ብዙ ግን አትጠብቁ። በእንክብል የሚሸጠው እርድ ሌላ ጉዳይ ነው፦ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል። አንዳንዶቻችን በሻንጣ የምንልከውን ግሉኮሳሚንንም የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 መመሪያው ለዳሌና ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ እንዳይወሰድ አጥብቆ መክሯል። ያ ገንዘብ ለጥሩ ጫማ ቢውል ይሻላል። ቅባትም ቢሆን የዳሌ መገጣጠሚያ ጡንቻ ሥር ጠልቆ ስለሚገኝ እምብዛም አይደርስበትም። ሞቅ ያለ ፎጣ ግን ጡንቻውን ያፍታታል።

መመሪያው አጥብቆ የደገፈው እንቅስቃሴን ነው። ሙቀቱን ሽሽት ስቶንብራየር የገበያ ማዕከል ውሰዷቸውና ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ምን ገዙ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ፍሪስኮ አትሌቲክ ሴንተር የቤት ውስጥ መዋኛ አለው። ዋና ባይችሉም እስከ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ መራመድ በዳሌው ላይ የሚያርፈውን ክብደት በእጅጉ ይቀንሳል።

ቤት ውስጥ ደግሞ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዘው ቆመው እግራቸውን ወደ ጎን ቀስ አድርገው 10 ጊዜ ያንሱ፣ ከዚያ በሌላው እግር። ከወንበር መነሳትና መቀመጥም ራሱ ስፖርት ነው። ሲሠሩ ትንሽ ቢያማቸው አያስደነግጥም፤ ሕመሙ በማግስቱ ብሶ ካደረ ግን ቁጥሩን ቀንሱ። ቡና ሲያፈሉ ዝቅተኛዋን በርጩማ ከፍ ባለ ወንበር ይቀይሩ።

ምርኩዝ የሚያዘው በሚያመው እግር በኩል አይደለም፤ በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኝ ዳሌ ከታመመ በግራ እጅ ይያዝ።

ወድቀው መቆም ካቃታቸው ወይም ሕመሙ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ላብና መክሳት ካለም ቀጠሮ አታዘግዩ፤ የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋስ የዳሌን መገጣጠሚያም ያጠቃልና ይህንን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት።