ደን የጠበቀ ማር ዋጋው ስንት ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ ጊንጪ አካባቢ ጭልሞ አለ፤ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ያለበት ደን። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተጀመረ ሥራ ነዋሪው በፋርም አፍሪካ ድጋፍ በማኅበር ተደራጅቶ፣ ከመንግሥት ጋር ውል ፈርሞ ደኑን ይጠብቃል፤ በምላሹም ይጠቀማል።

ችግሩ ገበያው ላይ ነው። ደን የጠበቀ ሰው ማርና ደን የጨፈጨፈ ሰው ማር ዋጋቸው አንድ ነው። ለምን? ገዢው አይለያቸውማ! ፌርትሬድን የመሰሉ ማኅተሞች የሚሞሉት ይህንን የመረጃ ክፍተት ነው።

ቡናን እንይ። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በፌርትሬድ ይሸጣል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለታጠበ አረቢካ የፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ 1.80 ዶላር ሆነ፤ የዓለም ገበያ ከዚያ ከበለጠ የሚከፈለው የገበያው ነው። በላዩ ላይ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ፕሪሚየም አለ፤ ምን ላይ ይዋል የሚሉት አባላቱ ናቸው።

ግን ማኅተም ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ኦዲቱ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ፕሪሚየሙም የሚገኘው በማኅተሙ ለተሸጠው ምርት ብቻ ነው። ገዢ ከሌለ ወጪው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ትንሽ ማኅበር መጀመሪያ ገዢ ይፈልግ፤ ወጪውንም በዩኒየን ሥር ይካፈል።

እኛስ? ማር ስንገዛ «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከየት ነው?» እንበል። የቆመ ዛፍ ካልከፈለ የተቆረጠው ይከፍላል፤ ከሰል ገዢ አጥቶ አያውቅም።