በክረምት መስኮት መክፈት ቤትን ያደርቃል

ሐምሌ ሲገባ በአዲስ አበባ በብዙ ቤቶች የመኝታ ክፍል ጥግና የቁም ሳጥን ጀርባ ይጠቁራል፤ ልብስና ጫማም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ነዋሪው ዝናቡን እየወቀሰ እርጥበቱ እንዳይገባ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ጣሪያው ካላፈሰሰ፣ ቧንቧውም ካልተነደለ ግን አብዛኛው እርጥበት የሚመነጨው ከዚያው ከቤት ውስጥ ነው። እንጀራ ሲጋገር፣ ወጥ ሲንተከተክ፣ ገላ ስንታጠብ፣ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ ተኝተን ስንተነፍስ እንኳ ውኃ ተን ሆኖ አየሩን ይቀላቀላል።

አየር የሚሸከመው የተን መጠን እንደ ሙቀቱ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውኃ ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። ሞቅ ያለው የቤት አየር ሌሊት የቀዘቀዘ ግድግዳ ሲነካ ትርፉን እዚያው ያራግፋል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ የሚያልበውም ለዚሁ ነው። ሻጋታ ደግሞ ግድግዳው እስኪንጠባጠብ አይጠብቅም፤ ግድግዳው ላይ ያለው አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ተን የያዘው ድርሻ) ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ይበቅላል።

መፍትሔውም ከዚሁ ስሌት ይገኛል። 10 ዲግሪ ላይ ያለና በተን የጠገበ የውጭ አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 53 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ቤቱ ከውጭ የሞቀ እስከሆነ ድረስ፣ ዝናብ እየጣለም ቢሆን፣ እርስ በርስ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ለ10 ደቂቃ ያህል ከፍቶ አየሩን መለወጥ ቤትን ያደርቃል። ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሳ፣ ምግብ አብስለንና ገላችንን ታጥበን ስንጨርስ ይህን ልማድ እናድርገው። ቁም ሳጥንና አልጋ ከውጭው ግድግዳ ትንሽ ይራቁ፤ ልብስ በረንዳ ላይ ይሰጣ። የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው የቤቱን አየር አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ያቆየው።

ቤት ለማሞቅ ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ አይገባም። ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ቤተሰብ ሊገድል ይችላል።

የበቀለውን ሻጋታ በሳሙናና በውኃ ፈግፍጎ በደንብ ማድረቅ ይገባል፤ ቀለም ብቻ ቢቀቡበት ተመልሶ ይወጣል። እርጥበትና ሻጋታ አስምን እንደሚያባብሱ የታወቀ ነውና፣ አስም ያለበት ልጅ የሚተኛበት ክፍል ከሁሉ ቀድሞ ይታይ።