ከሰል፣ ሊጥና ዝግ መስኮት፦ ከአያቴ የተማርኩትና ለአያቴ የነገርኳት

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ዝናብ ሳያባራ በሚወርድበት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አያቴ ቤት ገባሁ። ሦስት ጎረቤቶቿ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ከሰሉ ሳሎን መሀል ምድጃው ላይ ፍም ሆኗል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ እጣኑ ይጨሳል። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቶ ትሪሱም እስከ ታች ወርዷል። በበረንዳው በር ስር ደግሞ ፎጣ ተጎዝጉዟል። ሽታው ደስ ይላል፤ እኔ ያደግኩበት ሽታ ነው።

ቶናው ሲቀዳ ከጎረቤቶቿ አንዷ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት፣ ግንባራቸውን ይዘው «ራሴን አዞረኝ» አሉ። ሌላዋ «ቡናው ስለዘገየብሽ ነው፣ ሐራራ ነው» አሏቸውና ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን እኔንም ራሴን ያመኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ጠዋት ሥራ ቦታ ሁለት ኩባያ ቡና ጠጥቼ ነው የመጣሁት፤ ሐራራ ሊሆን አይችልም። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ምድጃውን በረንዳ ላይ አወጣሁት። አያቴ «አንቺ ልጅ፣ ብርዱን ልትለቂብን ነው?» ብላ ተቆጣች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን የሁላችንም ራስ ቀለል አለ። ያን ቀን ሐኪም ጋ አልሄድንም። መሄድ ነበረብን።

እኔ እዚሁ አገር የተወለድኩ ልጅ ነኝ። አማርኛዬም ከአያቴ ጓዳ የተማርኩት ነው፤ እናንተን ቤት አያያዝ ላስተምር ብል አያምርብኝም። ነገር ግን ከዚያ ሐሙስ በኋላ ከአያቴ ጋር ብዙ ተነጋገርን። እሷ የምታውቀውን ነገረችኝ፣ እኔም አንብቤና ጠይቄ ያገኘሁትን ነገርኳት። የተስማማንበትም ያልተስማማንበትም አለ።

ቤቱ ይተነፍስ ነበር

አያቴ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ሆቴል፣ ከዚያ ካራቫን፣ ከዚያ አሁን ያለችበት ሺኩን። ጎንደር ገጠር የነበረው ቤቷ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነበር። «እሳቱ ቀኑን ሙሉ ይነድ ነበር፣ ማንም ራሱን አላዞረውም፤ ታዲያ እዚህ ምን መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ መልሱም ያለው ቤቱ ላይ ነው።

የሣር ክዳን ይተነፍሳል። ጭሱ በሣሩ መሀል ይወጣል፣ በሩ ከንጋት እስከ ምሽት ክፍት ነው፣ በግድግዳው ስንጥቅ ነፋስ ይገባል። ዓይን አያቃጥልም ነበር ማለቴ አይደለም፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ የጎዳው ያ ጭስ ነው። ግን ክፉው አየር ቤት ውስጥ ታፍኖ አይቀርም ነበር። የዛሬው ቤታችን ሲሚንቶ ነው፣ መስኮቱ አልሙኒየም ነው፤ ሲዘጋ ጥርቅም ይላል። ትሪስ ሲወርድበትማ እንደ ሣጥን ነው።

ከሰል ሲነድ የሚያወጣው አየር በአማርኛም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚባለው፤ በዕብራይስጥ ፓሕማን ሐድ ሐምፃኒ ይሉታል። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። አያቴን በጣም የገረማት ነገር ይኼ ነው። «ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው እኮ ወደ ቤት የማስገባው» አለችኝ። እኛ ሁላችን እንደዚያ ነው የምናስበው፤ ጭስ ከሌለው ንጹሕ ነው ብለን። ግን ቀይ ፍም፣ ጭስ የሌለው፣ ያን አየር አብዝቶ ይሰጣል። ደማችን ደግሞ ከጥሩው አየር፣ ከኦክስጅን፣ ይልቅ እሱን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰው እየተነፈሰ ሳለ ደሙ አየር ያጣል ማለት ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፤ ከዚያ እንቅልፍ ይመስላል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ልበ ሕመምተኛ፣ እርጉዝ ሴትና ሕፃን ቀድመው ይጎዳሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ለሙቀት ብላችሁ ከሰል መኝታ ቤት አታስገቡ፣ «ሊጠፋ ነው» የተባለውንም ፍም ቢሆን። ማማድ ያላችሁ ደግሞ እዚያ ውስጥ በፍጹም። ማማድ ከሌላው ክፍል ሁሉ ይልቅ አየር እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። (የጤፍ ከረጢትና ትርፍ ፍራሽ የሞላበት ማማድም ሳይረን ሲጮህ አይጠቅምም። አክስቴ ይህን የተማረችው በጥቅምት 2023 በእኩለ ሌሊት ነው።) ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካዞረው ቡናው አይደለም። ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያ 101 ይደወል።

ይህን አየር የሚጠቁም መሣሪያ አለ፤ በዕብራይስጥ ጋላይ ይባላል። የእጅ መዳፍ ያህል ነው፣ በባትሪ ይሠራል፣ አየሩ ሲበዛ ይጮኻል። ስትገዙ የጭሱን ሳይሆን የፓሕማን ሐድ ሐምፃኒውን በሉ፤ የጭሱ ጋላይ ይህን አየር አያውቀውም። ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ «ምን እናምጣላችሁ?» ሲል የሚነገረው ይኼ ቢሆን ጥሩ ነው።

ቡናው ግን ይቅር አልልም። ለአያቴ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁላት፤ አንድ ቀን ሞክራ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። «ፍም የሌለው ቡና ለቅሶ ቤት የሚጠጣ ይመስላል» አለች። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቡናው የሚቆላው ጋዝ ላይ ነው፣ መስኮት ተከፍቶ። ከሰሉ የሚቀጣጠለውም ጀበናው የሚጣደውም በረንዳ ላይ ነው። እንግዶቹ ጋቢ ደርበው በረንዳ ላይ ወይም በበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ዝናቡ በጣም ሲከፋ ጀበናው ጋዝ ላይ ይፈላል፣ ረከቦቱና ስኒው ሳሎን ይቀርባል። እጣኑን ግን አልተወችም። ትንሽ ፍም፣ መስኮቱ ገርበብ ብሎ። እኔ ለእጣኑም ደስተኛ አይደለሁም፤ እሷ ግን ከዚህ በላይ አትሰማኝም።

የግድግዳው ጥቁረት

«እኛ አገር ክረምት ሐምሌ ነበር፣ እዚህ ክረምቱ ጥር ላይ መጣ» ትላለች አያቴ። ክረምቱ ሲመጣ መኝታ ቤቷ ጥግ ይጠቁራል። በዕብራይስጥ ኦቬሽ የሚሉት፣ ሻጋታ ነው። ብዙ ሰው ዝናብ ያስገባ መስሎት ጣሪያ ያሠራል። አንዳንዴ እውነትም ጣሪያው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ውሃው ከእኛው ነው የሚወጣው፦ ወጡ ሲንተከተክ፣ እንጀራው ሲጋገር፣ ገላ ሲታጠብ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ። እንፋሎቱ ተንሳፍፎ ይሄድና ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ ሻጋታው እዚያ ይበቅላል። የሚያስልም ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሳሉን ያብሰዋል።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠዋትና ማታ ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ለአሥር ደቂቃ መክፈት። ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ሳይሆን ወለል አድርጎ ለጥቂት ጊዜ፤ ግድግዳው አይቀዘቅዝም፣ አየሩ ግን ይለወጣል። ቁም ሣጥኑን ከውጭው ግድግዳ አንድ መዳፍ ያህል ማራቅ። የሚጋገርበትን ክፍል በር ወደ መኝታ ቤቱ ዘግቶ ወደ ውጭ መክፈት። ሻጋታው ሳይጠፋ በላዩ ቀለም መቀባት ግን ድካም ነው፤ በዓመቱ ይመለሳል።

ኢኮኖሚካን በተመለከተ ከአያቴ ጋር ተጣልተናል ማለት ይቻላል። እሷ ሽንት ቤቱን ስታጥብ ኢኮኖሚካውን አፍስሳ፣ «እንዲጠነክር» ብላ የኖራ ማስለቀቂያውን ትጨምርበት ነበር። ይህ አያጠነክረውም፣ መርዝ ያደርገዋል። ኢኮኖሚካ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ፣ የሎሚ ጨውም ሆነ ኮምጣጤ፣ ክሎር የሚባለው ጋዝ ይወጣል፤ ጉሮሮና ሳንባ ያቃጥላል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ መጥፎ ነው። አንዱን ተጠቅሞ፣ በብዙ ውሃ አጥቦ፣ ሌላውን በሌላ ቀን። ለኩምኩሙ ኖራ ደግሞ የሎሚ ጨው ብቻውን በቂ ነው፦ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማፍላት፣ ትንሽ ማቆየት፣ ማፍሰስና አንድ ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማፍላት።

ሊጡን በአፍንጫ

እስካሁን እኔ ነኝ የተናገርኩት። ሊጥ ላይ ግን ተማሪዋ እኔ ነኝ።

ባለፈው ነሐሴ ለብቻዬ እንጀራ ልጋግር ብዬ አቦካሁ። ሦስት ቀን መቆየት አለበት ብዬ ጽፌ ይዣለሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሊጡ ከባልዲው ወጥቶ ወለሉ ላይ ደረሰ፤ በማጋቭ ነው የገፋሁት። አያቴ ስትስቅ እንባዋ መጣ። «ጥር ላይ ያየሽውን ነሐሴ ላይ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

እሷ በሰዓት አትሠራም። በሙቀቱ ወራት፣ በተለይ ሻራቭ ሲነሣ፣ ማታ ያቦካችውን በማግሥቱ ማታ ልትጋግረው ትችላለች፤ በብርዱ ወራት ሦስት ቀንም ይፈጃል፣ ባልዲውንም በብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች። በበጋ ባልዲውን ከግማሽ በላይ አትሞላም። ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፤ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ሲሰጥና ሊጡ ወደ ታች ወርዶ ውሃው ላይ ሲቀር ደርሷል። ደርሶ መጋገሪያ ጊዜ ካጣች ባልዲውን ወደ ፍሪጅ ታስገባለች፤ እርሾው ይተኛል። ሁልጊዜም ትንሽ እርሾ በብርጭቆ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አላት።

አብሲት ላይ የምሳሳተው እንዳለ ነው። ላዩ ላይ ያቆረውን ውሃ ትደፋለች፣ ከሊጡ አንድ ሁለት ጭልፋ ወስዳ በፈላ ውሃ እስኪወፍር ታማስላለች። ከዚያ የሚጠበቀው መብረዱ ነው። ጣት የማያስነካ ትኩስ አብሲት ሊጡ ላይ ከተደፋ እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። እኔ ሁሌ እቸኩላለሁ፤ እንጀራዬም ዕውር ነው።

የተጋገረው እንጀራ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ናይለን ውስጥ አይገባም። ትኩሱ ሲደራረብ ያልበዋል፣ ላቡ ደግሞ በሁለት በሦስት ቀን ሻጋታ ይሆናል። የሳምንቱን ከፍሎ ፍሪጅ፣ የተረፈውን በመሀል በመሀሉ ወረቀት እያደረጉ ፍሪዘር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለአያቴ ነገርኳት፣ ተቀበለችኝም፦ የሻገተውን ቦታ ቆርሶ ጥሎ የቀረውን መብላት ተገቢ አይደለም። እንጀራ ለስላሳ ነው፤ ሥሩ ዓይናችን ከሚያየው አልፎ ይሄዳል። እህል መጣል ኃጢአት መስሎ ለሚታያት ሴት ይህን መቀበል ቀላል አልነበረም። መፍትሔውን ያገኘችው ራሷ ናት። ሳይሻግት፣ በሦስተኛው ቀን፣ የተረፈውን ሰፌድ ላይ ቆራርሳ ፀሐይ ላይ ድርቆሽ ታደርገዋለች። እሑድ ጠዋት ፍርፍር ነው።

ለጤፍ ዱቄትና ለሽሮ ደግሞ ነቀዝ እንዳይገባባቸው፣ ከሱቅ እንደመጡ በሚያስተማምን ከረጢት አድርጎ ለአራት ቀን ያህል ፍሪዘር ማስገባት፤ ከዚያ ደረቅ ክዳን ያለው ዕቃ። በርበሬዋ ከፍሪጅ አትወጣም፤ ቀለሟም ሽታዋም አይጠፋም።

ለሰንበት

ዓርብ ቀን ድስቶቹ ፕላታው ላይ ይደረደራሉ። አገር ቤት ሰንበት ሲገባ እሳት ይጠፋ ነበር፣ ምግቡም ቀዝቃዛ ነበር የሚበላው፤ ፕላታ አያቴ እዚህ መጥታ የተማረችው ነገር ነው። ዛሬ ያለ ፕላታ ዓርብ አይታሰብም። ሙቀቱ እንዳይሄድ ግን ድስቶቹን በወፍራም ፎጣ ትሸፍን ነበር፣ የፎጣው ጫፍ ብረቱን እየነካ። ጫፉ ጠይሞ ካየሁት በኋላ ፎጣውን ቀይረን በአልሙኒየም ወረቀት አደረግነው። ፕላታው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፤ ማዝጋንና ማሞቂያ ከተሰካበት ማከፋፈያ ጋር አይሁን። ዶሮ ወጡ እንዳይደርቅ ደግሞ ሌላ የምትለው አላት፦ ዓርብ ስታወርደው መረቁን ቀጠን አድርጋ ታስቀረዋለች፤ ሌሊቱን ራሱ ይወፍራል።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲጀምር ስልክ ደወልኩላት። ገና ሰላም ሳልላት «በሩ ክፍት ነው፣ ጋቢ ደርበናል፣ ጋላዩም አልጮኸም፤ አሁን ተይኝና ቡናዬን ልጠጣ» አለችኝ። ከጀርባዋ ጎረቤቶቿ ሲስቁ ይሰማል። አንዷ ጮክ ብለው «ብርዱን ነው እንጂ እሱንስ ፈርተን አይደለም!» ሲሉ ሰማሁ።