መሣሪያው የተፈተነው በማን ሆድ ነው?

ክብደት ለመቀነስ ከሚደረጉት ቀዶ ሕክምናዎች ዛሬ በብዛት የሚሠራው ከጨጓራ ሦስት አራተኛ ያህሉን ቆርጦ አውጥቶ ቀሪውን ጠባብ ቱቦ ማድረግ ነው። የሚቆርጠውም የሚሰፋውም አንድ መሣሪያ ነው፤ ስቴፕለር። የጨጓራውን ግድግዳ በመንጋጋው ጨምቆ የታይታኒየም ሽቦዎችን ረድፍ በረድፍ ይተክላል፤ በረድፎቹ መካከል ስለት ያልፋል። ሀንጋሪያዊው ሐኪም ሁመር ሁልትል በ1908 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበት የመጀመሪያው ስቴፕለር 3.6 ኪሎ ይመዝን ነበር። ለአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያነሳው ክንደ ብርቱ መሆን ነበረበት!

ችግሩ የጨጓራ ግድግዳ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ከታች፣ ወደ አንጀት መውጫው አካባቢ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከላይ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አጭር ሽቦ ወፍራሙን ግድግዳ ጨፍልቆ ደም ያሳጣዋል፤ ረጅሙ ደግሞ ስሱን ላላ አድርጎ ይይዘውና ይደማል ወይም ያፈሳል። ስለዚህ የሽቦው መያዣ እንደ ሽቦው ርዝመት በቀለም እየተለየ ይመጣል። በላቦራቶሪ የአሳማ ጨጓራ ተሰፍቶ፣ አየር ወይም ፈሳሽ እየተሞላበት፣ ስፌቱ በስንት ግፊት እንደሚፈታ ይለካል። ጠቃሚ ፈተና ነው፤ ግን ጤነኛ የአሳማ ጨጓራ በሕመም ያበጠን ሥጋ አይወክልም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2011 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ስለ ስቴፕለሮችና ሽቦዎቻቸው ከ41,000 በላይ ሪፖርቶች ደርሰውት ነበር፤ 366ቱ የሞት ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. በሰውነት ውስጥ የሚሠራባቸውን ስቴፕለሮች ወደ ጠበቀ የቁጥጥር ደረጃ አሸጋገራቸው።

በአንድ አካል የተፈተነ ነገር በሌላው ላይ ሲደክም የሚታየው በስቴፕለር ብቻ አይደለም። ወደ ቆላው መተማ ስንወርድ ክብደት የሚቀንሰው በቀዶ ሕክምና ሳይሆን በበሽታ ነው። ከደጋ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደውን ሠራተኛ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰውና ካላዛር የተባለው በሽታ ያመነምነዋል፤ ጣፊያው ግን ያብጣል። ከጣት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው አርኬ39 የተባለ ምርመራ በሕንድ ክፍለ አህጉር ከ100 ሕሙማን 97 ያህሉን ይለያል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን 85 ያህሉን። ኤችአይቪ ከተጨመረበት የሚያመልጠው ይበዛል። ምርመራው አልተበላሸም፤ ሰውና ተውሳኩ ተለወጡ እንጂ። ስለዚህ ውጤቱ ‹‹የለም›› ሲል ምልክቱን ያየ ሐኪም እዚያ ላይ አያበቃም፤ ሌላ የደም ምርመራ ያዛል፣ ሲያስፈልግም ከጣፊያ በመርፌ ናሙና ያስወስዳል።

ስቴፕለርም ወደ ቆላው ቢደርስ ከውፍረት ቀድሞ የሚያገኘው የተጠማዘዘ አንጀት ይመስለኛል። በሰሜን ኢትዮጵያ አንጀት ከሚዘጋባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። እየተመላለሰ የተጠማዘዘ አንጀት ግድግዳው ይወፍራል፤ ደም ሲያጥረው ደግሞ ውኃ ይቋጥራል። ውፍረቱ የሽቦው መያዣ ከተሠራለት ልክ ካለፈ ሽቦው በቅጡ አይታጠፍም። እንዲህ ያለውን አንጀት ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ዛሬም በእጃቸው፣ በመርፌና በክር መስፋቱን ይመርጣሉ።